የእግር መንገድ የመሰለን ግድብ ነው፦ ለሰፈሬ ሐበሾች ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ በአትላንታ ዙሪያ ሐይቅ ባለበት ሰፈር ቤት ገዝታችሁ ለምትኖሩ ወገኖቼ፤ በተለይ ደግሞ ለገዛ ሰፈሬ ሰዎች።

እንደምን ከረማችሁ?

ይህን ደብዳቤ በአማርኛ የምጽፈው ያለ ምክንያት አይደለም። የቤት ባለቤቶች ማኅበራችን፣ ኤችኦኤ የምንለው፣ በእንግሊዝኛ ሦስት ጊዜ ጽፎልናል። ሦስቱም ፖስታ ከፒዛ ኩፖኑ ጋር ቆሻሻ ውስጥ ገባ። የእኔም ገብቶ ነበር። ባለፈው የተጠራው ስብሰባ ምልዓተ ጉባኤ ሳይሞላ ተበተነ። የቀሩትን ቤቶች ዝርዝር አሳዩኝ። ግማሽ በግማሽ የእኛው ስም ነው። አፈርኩ።

ነገሩ የግድቡ ነገር ነው።

“የቱ ግድብ?” እንደምትሉ አውቃለሁ። እኔም ብዬ ነበር። በሐይቁ ጫፍ ያለውን፣ ሣር የለበሰውን ከፍ ያለ መንገድ ታውቁታላችሁ። ልጆቻችን ሳይክል የለመዱበት ነው። ከአገር ቤት የመጡ እናቶቻችን ነጠላቸውን ጣል አድርገው በማታ ወክ የሚያደርጉበት ነው። እሱ መንገድ አይደለም። ግድብ ነው። በስተጀርባ በኩል፣ በጥዶቹ መሐል ቁልቁል ወርዳችሁ ቀና ብላችሁ እዩት። ቁመቱ 28 ጫማ ነው፤ ባለ ሦስት ፎቅ ቤት ለመሆን ትንሽ የሚቀረው የአፈር ክምር። እኔ እዚህ ሰፈር አራት ዓመት ስኖር አንድ ቀን እንኳ ከዚያ ጎን ሄጄ አላየሁትም።

የሚገርመው ስለ ህዳሴ ግድብ ቢሆን ማን ይችለኛል? ቦንድ ገዝቻለሁ። በሠርግ ቤት ስለ ተርባይን ተከራክሬያለሁ። ማስተንፈሻው የት እንደሆነ፣ ኮርቻ ግድቡ ለምን እንዳስፈለገ ለታክሲ ደንበኛ ሳይቀር አስረድቻለሁ። ቤቴ ፊት ለፊት ያለው ግድብ ግን ማስተንፈሻ ይኑረው አይኑረው አላውቅም ነበር። አለው። ወደሱ እመለሳለሁ።

መጀመሪያ የባለቤትነቱን ነገር ልጨርስ። ሐይቁን እግዜር የፈጠረው የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። በዚህኛው የጆርጂያ ክፍል ግን የተፈጥሮ ሐይቅ የለም ማለት ይቻላል። ትልቁ ሌክ ሌኒየር እንኳ ከቡፎርድ ግድብ ጀርባ የተጠራቀመ ውሃ ነው። ልዩነቱ የሌኒየር ግድብ የፌዴራል መንግሥት ነው፤ የጦር ሠራዊቱ መሐንዲሶች ይጠብቁታል። የእኛን ዓይነቱ ትንሽ ሐይቅ አብዛኛውን ጊዜ የገበሬ ኩሬ የነበረ ነው። ገበሬው ለከብት ውሃ፣ ለዓሣ ማርቢያ ብሎ አፈር በቡልዶዘር ገፍቶ ጅረቱን ዘጋው። በኋላ መሬቱ ተሸጠ። ቤት ሠሪው ኩባንያ መጣ፣ ኩሬውን “ሐይቅ” ብሎ ብሮሹር ላይ አወጣው፣ ሐይቅ የሚያይ ቤት ነው ብሎ ዋጋ ጨመረበት። ቤቱን ሸጦ ሲጨርስ ግድቡን ለማኅበሩ አስረክቦ ሄደ። ማኅበሩ ማነው? እኛው ነን።

ክሎዚንግ ቀን፣ የቤቱን ግዢ በጨረስንበት ዕለት፣ እጃችን እስኪዝል ፈርመን የለ? ከዚያ የወረቀት ክምር ውስጥ የሰፈሩ መተዳደሪያ አለ። ባለፈው ወር ልጄ እያነበበችልኝ ገጽ በገጽ ሄድንበት። የጋራ ንብረት ተብሎ የተዘረዘረው ላይ ከመዋኛ ገንዳውና ከመግቢያው የድንጋይ አጥር ቀጥሎ “ሐይቁና ግድቡ” ይላል። ሁለት ቃል ናት። ከሥሯ ፊርማዬ አለ።

በሌላ ሰፈር ያላችሁ ደግሞ የእናንተ ከእኛ የተለየ ሊሆን ይችላል። አንዳንዱ ግድብ በአንድ ሰው ግቢ ውስጥ ነው ያለው፤ ሰውየው ጓሮዬ የሚለው ግድብ ነው። አንዳንዱ ድሮ በፈረሰ ኩባንያ ስም ተመዝግቦ ባለቤት አልባ ሆኖ ቀርቷል። እሱ ከሁሉም የከፋ ነው፤ ሣሩን እንኳ የሚያጭድ የለም። ካውንቲው የንብረት መዝገብ ላይ አድራሻ አስገብቶ ማየት ይቻላል። አሥር ደቂቃ አይፈጅም። በአሜሪካ ብሔራዊ የግድቦች መዝገብ ላይ ከ90 ሺህ በላይ ግድቦች አሉ፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የግል ናቸው። “መንግሥት ያውቅበታል” የሚለው የአገር ቤት ልማዳችን እዚህ ላይ አይሠራም።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ።

አሜሪካ የገባሁት በዲቪ ነው። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት የኖርኩት ከዚህ ሐይቅ በታች፣ ጅረቱ ዳር ባለው አፓርታማ፣ የታችኛው ፎቅ ላይ ነበር። ሁለት መኝታ ቤት ውስጥ አምስት ሆነን። ከጓሮ በኩል ጅረቱ ያልፋል። ሌሊት ከፓርኪንግ ሥራ ስመለስ፣ ዝናብ ከጣለ፣ የውሃው ድምፅ ይሰማኛል። ያስፈራህ ነበር ወይ ብትሉኝ፣ ኧረ ደስ ይለኝ ነበር። ያደግሁበትን ወንዝ ያስታውሰኛል። ከላይ ምን እንደተንጠለጠለ የነገረኝ የለም። የኪራይ ውሉ ላይም አልነበረም። የውሻ ኪራይ ስንት እንደሆነ ግን በደንብ ተጽፏል።

ዛሬ እኔ ከላይ ነኝ። አፓርታማው ግን ባዶውን አልቀረም። ዛሬም ሐበሻ አለበት። ሌሊት ፈረቃ የሚሠሩ ልጆች አሉ። የልጅ ልጅ ሊያሳድጉ የመጡ እናቶች አሉ፤ ሁለቱን ቅዳሴ ላይ አገኛቸዋለሁ። ሶማሌው፣ በርማው፣ ሜክሲካኑም አለ። የማኅበራችን አባል ስላልሆኑ በግድቡ ጉዳይ ድምፅ የላቸውም። የሚወስንላቸው እኔና እናንተ ነን።

ምን ያህል ውሃ ነው የምንለው? ሐይቃችን 12 ኤከር ነው። አማካይ ጥልቀቱ 8 ጫማ ነው ብለን ብንይዝ 118 ሺህ ሜትር ኪዩብ ያህል ውሃ ይሆናል። አዲስ አበባ ውሃ ሲጠፋ በሚመጣው ቦቴ ልቁጠርላችሁ። 10 ሺህ ሊትር የሚይዝ ቦቴ ብንል፣ ወደ 12 ሺህ ቦቴ ነው። ይህ ሁሉ ከአንድ የአፈር ክምር ጀርባ ቆሟል።

“ትንሽ ግድብ ምን ያደርጋል?” የሚል ካለ ቶኮዋ ደርሶ ይምጣ። ከአትላንታ በመኪና አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ቆንጆ ፏፏቴ አለ። ከፏፏቴው በላይ ኬሊ ባርንስ የሚባል የአፈር ግድብ ነበር። መጀመሪያ ለመብራት ማመንጫ ነበር የሚጠቀሙበት። ማመንጫው በ1957 ከቆመ በኋላ ሐይቁ ለመዝናኛ ብቻ ቀረ። ልክ እንደ እኛው። ባለቤቱ ከፏፏቴው በታች ያለ የመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ነበር። በ1977 ኖቬምበር 6 ሌሊት፣ ብዙ ዝናብ ከጣለ በኋላ፣ ግድቡ ሄደ። ሰው ተኝቷል። ውሃው የተማሪዎች ማደሪያው ውስጥ ገባ፤ ባለትዳር ተማሪዎች የሚኖሩባቸውን ተጎታች ቤቶች ጠራርጎ ወሰደ። 39 ሰው ሞተ፤ ብዙዎቹ ሕፃናት ነበሩ። ያ ሐይቅ ስፋቱ 40 ኤከር ያህል ብቻ ነበር።

በኋላ መርማሪዎች ያገኙት ነገር ለእኔ ከአደጋው በላይ ነው የከነከነኝ። ለግድቡ የመሐንዲስ ፕላን አልተገኘለትም። የኋላ ጎኑ እጅግ ቀጥ ያለ ነበር። በ1973 ጎኑ ተንዶ እንደነበር ፎቶ ላይ ይታያል። አራት ዓመት ሙሉ ማለት ነው። ሰው አይቶታል፣ ፎቶ አንስቶታል፣ አልፎታል።

በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1978፣ ጆርጂያ የግድብ ደኅንነት ሕግ አወጣች። ሕጉ በአጭሩ እንዲህ ነው፦ ግድብህ ቢፈርስ ሰው ሊሞት የሚችል ከሆነ አንደኛ ምድብ ነው፤ ፈቃድ ማውጣት፣ ደረጃውን የጠበቀ ማድረግና ማስመርመር ግዴታህ ነው። ከሥሩ ሰው ከሌለ ሁለተኛ ምድብ ነው፤ ብዙም አይነካህም። የእኛ ግድብ ድሮ ሁለተኛ ነበር። ከሥሩ ጫካ ነበራ። ከዚያ አፓርታማው ተሠራ። ግድቡ አንድ ስንዝር አልተንቀሳቀሰም፤ ሰው ነው ሥሩ መጥቶ የሰፈረው። አሁን አንደኛ ምድብ ተብሏል።

ይህ ነገር ፍትሐዊ ነው ወይ? እውነቱን ልናገር፣ ግማሹ አይመስለኝም። ለአፓርታማው ግንባታ ፈቃድ የሰጠው ክፍል ከላይ ግድብ እንዳለ ካርታው ላይ ማየት ይችል ነበር። ባለ አፓርታማው ኪራይ እየሰበሰበ፣ ለግድቡ የምንከፍለው እኛ። በዚህ የተናደደ ጎረቤት አለኝ፤ አልፈርድበትም። ግን ንዴቱ ቱቦውን አያድሰውም።

ስለ ቱቦው ላውራ። እኔ መሐንዲስ አይደለሁም፣ የከባድ መኪና ሹፌር ነኝ። ማኅበሩ ያመጣው መሐንዲስ ግድቡን ሲዞር ግን ከኋላው ከኋላው ስከተል ዋልኩ። ግድቡን ከውስጥ አቋርጦ የሚያልፍ የቆርቆሮ ቱቦ አለ። ሐይቁ ሞላ ሲል ትርፉ ውሃ በእሱ ነው የሚወጣው። ቆርቆሮ ደግሞ ይዝጋል። ሲዝግ ይቀደዳል። በቀዳዳው ውሃ ወደ አፈሩ ይሾልካል፣ አፈሩን በትንሽ በትንሹ ይዞ ይወጣል። ከላይ ሣሩ አረንጓዴ ነው፣ ከውስጥ ግን ግድቡ እንደ አይጥ ጉድጓድ እየተቦረቦረ ነው። መሐንዲሱ ከቱቦው መውጫ ጎን እርጥብ ቦታ አሳየኝ። “የሚወጣው ውሃ ጥርት ያለ ሲሆን እንከታተለዋለን፤ የደፈረሰ ቀን ግን ስልክ አንሱ፣ አፈር ይዞ እየወጣ ነው ማለት ነው” አለኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ዝናብ በጣለ ቁጥር ባትሪ ይዤ እወርዳለሁ። ሚስቴ አብደሃል ትለኛለች።

ዛፎቹም አሉ። ጥዱ ግድቡ ላይ መብቀሉን ሁላችንም ወደነው ነበር፤ ጥላ ነው። ሥሩ ግን አፈሩ ውስጥ ገብቷል። ዛፉ ሲሞት ሥሩ ይበሰብስና ለውሃ መንገድ ይተዋል። ነፋስ ቢጥለው ደግሞ አፈሩን ይዞ ይነቀላል። እባካችሁ ማንም በራሱ መጋዝ ይዞ እንዳይሄድ፤ ትልልቁን ዛፍ ከነሥሩ ማውጣት ራሱ ግድቡን ሊጎዳው ይችላል ተብለናል። የሐይቁን ውሃ ለመቀነስ የሚከፈተው ከታች ያለው ቫልቭ ደግሞ ዝጎ ተጣብቋል። መጨረሻ የተከፈተው መቼ እንደሆነ የሚያስታውስ ሰው ጠፋ።

እና ወደ ማስተንፈሻው እመለሳለሁ ያልኩት። በግድቡ ቀኝ ጫፍ ያለው፣ በኮንክሪት የተሠራው ዝቅ ያለ ቦይ እሱ ነው። ከባድ ዝናብ ሲመጣ ቱቦው ያልቻለው ውሃ በዚያ እንዲያልፍ ነው የተሠራው፤ ግድቡን ከአናቱ ላይ ዘሎ እንዳይሄድ። የአፈር ግድብ ውሃ ከላዩ ካለፈበት ይቦረቦራል፣ ከዚያ በኋላ አይቆምም። እኛ ቦዩ አፍ ላይ ምን አድርገናል? ዓሣ እንዳያመልጥ ሽቦ መረብ ወጥረንበታል። ቅጠልና ቅርንጫፍ መጥቶ መረቡ ላይ ይጠራቀማል። ባለፈው ባየሁት ጊዜ ግማሹ ተደፍኗል።

ይህን የሽቦ መረብ ሳይ ነው አንድ ሌሊት ቁጭ ብዬ የጆንስታውንን ታሪክ ያነበብኩት። ፔንስልቬንያ ውስጥ ነው። ከከተማው በላይ፣ 22 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ሳውዝ ፎርክ የሚባል የአፈር ግድብ ነበር። ግዛቱ ለጀልባ ቦይ ብሎ የሠራው ነው። ከእጅ ወደ እጅ ተሸጠ። ከገዙት አንዱ ከሥር ያሉትን የብረት ማፍሰሻ ቱቦዎች ነቅሎ ለቁራጭ ብረት ሸጣቸው። በ1879 የፒትስበርግ ሀብታሞች የዓሣና የአደን ክለብ ገዛው። እነ አንድሩ ካርኔጊ፣ እነ ሄንሪ ክሌይ ፍሪክ አባል ነበሩ። ክለቡ ጋሪ በደንብ እንዲያልፍበት ብሎ የግድቡን አናት ዝቅ አደረገው። የተነቀሉትን ማፍሰሻዎች አልተካም። እና በማስተንፈሻው ላይ፣ ዓሣ እንዳያመልጥ፣ የብረት መረብ አደረገ።

በ1889 ሜይ 31 ዝናቡ በዛ። መረቡ በቆሻሻ ተደፈነ። ውሃው በአናቱ ዘለለ። ከ2,200 በላይ ሰው ሞተ። ክለቡ ተከሶ ካሳ የከፈለው አንድም ሰው የለም፤ ፍርድ ቤቶቹ የእግዜር ሥራ ነው አሉ። ካርኔጊ በኋላ ለከተማው ቤተ መጻሕፍት አሠራለት። ዛሬ የአደጋው ሙዚየም ነው።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሀብታሞቹ ክፉ ሰዎች ስለነበሩ አይደለም ያ የሆነው። ለዓሣው ስለሳሱ ነው። እኛም ለዓሣው ነው የሳሳነው። መረቡን ማንሳት ደግሞ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ፒንሳ ነው የሚጠይቀው። እሱን ለማኅበሩ ጽፌ ቅዳሜ እንዲነሳ ተስማምተናል።

ሌላው ግን፣ ቱቦውን፣ ቫልቩንና ዛፎቹን ማስተካከሉ፣ ገንዘብ ይጠይቃል። ለአንድ ቤት የሚደርሰው ልዩ መዋጮ ቤተሰብ ይዞ ሁለት ጊዜ አዲስ አበባ ደርሶ መመለሻ ቲኬት ያህል ነው። በሁለት ዓመት ተከፋፍሎ ይከፈላል። ቀላል ነው አልልም። ሞርጌጅ አለብን፣ ለአገር ቤት እንልካለን፣ የልጅ ኮሌጅ አለ።

“እኔ ሐይቁን አልጠቀምበትም፣ ዓሣም አላጠምድም፣ ለምን እከፍላለሁ?” ያለኝ ወዳጄ አለ። ወንድሜ፣ እድር ገብተሃል አይደል? በየወሩ የምትከፍለው አንተ ልትሞት ነው? የጎረቤት ሬሳ ሲወድቅ ድንኳን እንዲቆም ነው። ይኼም ያው ነው፤ እንዲያውም ይኼኛው ሬሳው ከመውደቁ በፊት የሚከፈል ነው።

ሌላዋ “ቤቱን ሸጬ እወጣለሁ” አለችኝ። እሺ፣ ለማን? ግድቡ አንደኛ ምድብ መሆኑን እያወቁ ለገዢ ሳይናገሩ መሸጥ በሕግ ሊያስጠይቅ ይችላል። የሚገዛሽም ምናልባት የእኛው ሰው ነው።

“ሐይቁን ለምን አናፈስሰውም?” የሚል ሐሳብም አለ። ይህኛው የሞኝ ሐሳብ አይደለም፤ ብዙ ቦታ ይደረጋል። ግን ማፍረስም መሐንዲስ፣ ፈቃድና ገንዘብ ይፈልጋል፤ ጭቃው ወደታች እንዳይወርድ መያዝ አለበት። ስብሰባው ላይ ይቅረብና እንምረጥ። የማይቻለው ምንም ሳያደርጉ መቀመጥ ነው። ሚሺጋን ውስጥ ኢደንቪል የሚባል በግል ኩባንያ የተያዘ ግድብ ነበር። ማስተንፈሻው ትልቅ ጎርፍ እንደማይችል ዓመታት ሙሉ ተነግሮት፣ በ2018 የመብራት ማመንጫ ፈቃዱን ተነጠቀ። በ2020 ሜይ ወር ፈረሰ፤ ከሥሩ ያለውንም ሌላ ግድብ ይዞ ሄደ። ወደ 10 ሺህ ሰው ቀድሞ እንዲወጣ ስለተደረገ የሞተ የለም፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ሐይቅ ዳር ቤት የነበራቸው ግን ጠዋት ሲነሱ የሚያዩት ጭቃ ነበር። በኋላም መልሶ ለመሥራት መዋጮው በእነሱ ላይ ተጣለ፤ እስከ ፍርድ ቤት ተሟገቱ። ቀድሞ መክፈል ርካሽ ነው ማለቴ አይደለም። በኋላ ግን የባሰ ውድ ነው።

ስለ ኢንሹራንስ አንድ ነገር ብቻ። ተራው የቤት ኢንሹራንሳችን ጎርፍን አይሸፍንም፤ የጎርፍ ለብቻው ነው የሚገዛው። የማኅበሩ ኢንሹራንስ ደግሞ ግድቡን ይጨምር እንደሆነ ጠይቄያለሁ። መልስ እየጠበቅሁ ነው። የመጣ ቀን እነግራችኋለሁ።

የምለምናችሁ ይኼ ነው። ስብሰባው በሚመጣው ሳምንት ሐሙስ ማታ ነው። ሥራ ያለባችሁ የውክልና ወረቀቷን ፈርማችሁ ስጡኝ፤ ቤቴ የታወቀ ነው፣ መታጠፊያው ላይ ጤናዳምና ጎመን የተተከለበት። ማን እንደምትመርጡ አልነግራችሁም፤ “አይሆንም” ብላችሁም ብትፈርሙ አደርሳለሁ። ዝም ብላችሁ አትቅሩ እንጂ። ለአፓርታማው ሰዎች ደግሞ ግድቡ ችግር ከገጠመው ማን እንደሚደውልላቸው፣ በየት በኩል እንደሚወጡ የሚናገር የአደጋ ጊዜ ዕቅድ መዘጋጀት አለበት። ከተዘጋጀ በአማርኛና በትግርኛ ለመተርጎም ሁለት ልጆች እሺ ብለውኛል። ሶማሊኛና በርማኛ የሚችል ሰው የምታውቁ ጠቁሙኝ።

ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት፣ በፈረንጁ 9 ሰዓት፣ ማስተንፈሻው ጋ እንገናኝ። ጓንት ይዛችሁ ኑ፤ ቦት ጫማ ያለው ቦት ያድርግ፣ ጭቃ ነው። ፒንሳ እኔ አለኝ። ሚስቴ ቡና በፔርሙስ አመጣለሁ ብላለች።

አክባሪያችሁ፣
ከሐይቁ ማዶ ያለው ጎረቤታችሁ